ዴቢያን 13 ላይ የቆየ የሲ ፕሮግራም ኮምፓይል አልሆን አለ፦ አንዱ ኤረር ሲያልፍ ሌላው ይመጣል

ብራና_አንባቢ

ሰላም ለዚህ ቤት። ተርሚናል ውስጥ የጽሑፍ ፋይል ገልጦ የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል ለማድረግ ነው። በሲ የተጻፈ ነው፣ ኤንከርስስ (ተርሚናል ላይ ስክሪን የሚያዘጋጅ ላይብረሪ) ይጠቀማል፣ ኮዱ ከ2013 ወዲህ የነካው የለም። የምፈልገው አቅሙ አነስተኛ በሆነ ላፕቶፕ ላይ የአማርኛ ፋይሎችን ለማንበብ ነው። ሲስተሙ ዴቢያን 13፣ ባለ 64 ቢት፣ ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለሩ) 14.2፣ ራም 4 ጊጋባይት። ኮማንዶቹንና መልእክቶቹን በንባባቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ያው በላቲን ፊደል ናቸው።

በቅደም ተከተል የሆነው ይህ ነው፦

1. «./ኮንፊገር» ሲባል «ኤረር፦ ኤንከርስስ ላይብረሪ ኖት ፋውንድ» ብሎ ቆመ። «ሊብኤንከርስስ6» የሚባለው ፓኬጅ ግን ድሮም ተጭኗል። «ሊብኤንከርስስ-ዴቭ» ሲጫን አለፈ።

2. «ሜክ -ጄ8» ላይ፦ «ቪው.ሲ፦212፦ ኤረር፦ ኢምፕሊሲት ዲክላሬሽን ኦፍ ፈንክሽን ስትርዱፕ»። እዚያው መስመር ላይ ደግሞ ኢንትን ያለ ካስት ፖይንተር ታደርጋለህ የሚል ሌላ ኤረር አለ። ፋይሉ አናት ላይ «ስትሪንግ.ኤች» ኢንክሉድ ተደርጓል። የታየው የጂሲሲ መስመር «ጂሲሲ -ኤስቲዲ=ሲ99 -ዎል -ጂ -ኦ2 -ሲ ቪው.ሲ» ነው። ዴቢያን 10 ላይ ይኸው ኮድ በዋርኒንግ ብቻ ያልፋል።

3. «-ኤፍፐርሚሲቭ» ሲጨመር ኮምፓይሉ አለቀ፣ ሊንክ ላይ ደግሞ «መልቲፕል ዴፊኒሽን ኦፍ ተርም_ዊድዝ፤ ሜይን.ኦ፦ ፈርስት ዲፋይንድ ሂር» መጣ።

4. «-ኤፍኮመን» ሲጨመር ያም አለፈና «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ ቱ ሲምቦል ኪፓድ … ሊብቲንፎ.ኤስኦ.6፦ ዲኤስኦ ሚሲንግ ፍሮም ኮማንድ ላይን» አለ። አሁን ያለሁት እዚህ ላይ ነው።

ኮዱ ነው የተበላሸው ወይስ የኔ ሲስተም? የድሮ ጂሲሲ ጭኖ መገላገል ይሻላል?

ሽቦ_ፈቺ

ሰላም ወንድሜ። የድሮ ጂሲሲ አያስፈልግህም። አራቱ ኤረሮች ከተለያየ ደረጃ የመጡ ናቸውና ለሁሉም የሚሆን አንድ መፍትሔ አትፈልግላቸው። የመጀመሪያው የኮንፊገር (ሲስተሙን ፈትሾ ሜክፋይሉን የሚጽፈው ስክሪፕት) ነው፣ ሁለተኛው የራሱ የኮምፓይለሩ፣ ሦስተኛውና አራተኛው የሊንከሩ (ኮምፓይል የሆኑትን ፋይሎች ከላይብረሪዎች ጋር የሚያያይዘው)። መልእክቱን የተናገረው ማን እንደሆነ ከለየህ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሌላው ሁሉ ከመቅረቡ በፊት ግን «-ጄ8»ን ተወው። ስምንት ሥራ በአንዴ ሲሮጥ የአንዱ ፋይል ኤረር በሌላው መሃል እየገባ ይቀላቀላል። መጨረሻ ላይ የሚታየው «ሜክ፦ *** ኤረር 1» ደግሞ አንድ ነገር እንዳልተሳካ እንጂ ምን እንደሆነ አይነግርህም። ስህተት እየፈለግክ ሳለ «ሜክ -ጄ1 ቪ=1 2>&1 | ቲ ቢልድ.ሎግ» በል። ሎጉን ከላይ ጀምረህ «ኤረር፦» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር ፈልግ፤ እሱን ብቻ አስተካክለህ እንደገና ሞክር። ከሱ በታች ያሉት ብዙ ጊዜ አብረውት ይጠፋሉ።

ስለ ኮንፊገሩ፦ «ሊብኤንከርስስ6» የያዘው ያለቀ ፕሮግራም ሲሮጥ የሚፈልገውን «.ኤስኦ.6» ፋይል ብቻ ነው። ኮምፓይል ለማድረግ ግን ሄደሩ (ፈንክሽኖቹን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቀው ፋይል፣ «ከርስስ.ኤች») እና ሊንከሩ የሚፈልገው፣ መጨረሻው ላይ ቁጥር የሌለው «.ኤስኦ» ስም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም የሚመጡት በ«-ዴቭ» ፓኬጅ ነው (ፌዶራ ላይ «-ዴቨል» ይባላል)። ኮንፊገር «ኖት ፋውንድ» ሲል ላይብረሪውን ዲስክህ ላይ ፈልጎ አጣው ማለት አይደለም። ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም ጽፎ ኮምፓይልና ሊንክ ሊያደርግ ሞክሮ አልሆነለትም ማለት ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ሁሌ «ኮንፊግ.ሎግ» ውስጥ ይገኛል፤ ከፍተህ የላይብረሪውን ስም ፈልግ፤ የሙከራው ኮድና ጂሲሲ የተናገረው ትክክለኛ ቃል እዚያው አሉ። አንድ ሄደር በየትኛው ፓኬጅ እንዳለ ለማወቅ «አፕት-ፋይል ሰርች» አለ፤ ኢንዴክሱ ከበድ ስለሚል በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው የዴቢያን ድረ ገጽ የፓኬጅ መፈለጊያ ይሻለዋል፤ እሱም ፋይል በስሙ ይፈልጋል። አዲስ ላይብረሪ በተጫነ ቁጥር «ሜክ» ብቻ አይበቃም፣ ኮንፊገርን ደግመህ አስኪደው።

ዋናው ነገር ሁለተኛው ነው፤ በ«-ኤፍፐርሚሲቭ» ማለፍህ አደገኛ ነውና እዚህ ላይ ልቆይ።

«-ኤስቲዲ=ሲ99» ማለት «ከሲ99 ስታንዳርድ ውጪ ምንም አታሳየኝ» ማለት ነው። «ስትርዱፕ» ደግሞ የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) ፈንክሽን ነው፤ የሲ ስታንዳርድ ውስጥ የገባው ገና በሲ23 ነው። ስለዚህ «ስትሪንግ.ኤች»ን ኢንክሉድ ብታደርግም ጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ይህን ፈንክሽን ይሸሽገዋል። የድሮው ጂሲሲ የማያውቀው ፈንክሽን ሲገጥመው «ኢንት ይመልሳል» ብሎ ገምቶ ዋርኒንግ ሰጥቶ ያልፍ ነበር። ባለ 64 ቢት ሲስተም ላይ ኢንት 32 ቢት ነው፣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) 64። «ስትርዱፕ» ትክክለኛውን አድራሻ ይመልሳል፤ ጠሪው ግን የታችኛውን 32 ቢት ብቻ ወስዶ የላይኛውን ይጥላል። ፕሮግራሙ ያንን የተቆረጠ አድራሻ ሲነካ «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይሞታል። ጂሲሲ 14 በ2024 ሲወጣ ይህንንና ኢንትን ፖይንተር የማድረጉን ነገር ከዋርኒንግ ወደ ኤረር ያሳደገው ለዚህ ነው። «-ኤፍፐርሚሲቭ» ጉዳቱን አያስቀርም፣ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው የሚያለዝበው።

መፍትሔው አጭር ነው፦

«ሜክ ክሊን»
«./ኮንፊገር ሲፍላግስ="-ኦ2 -ጂ -ኤስቲዲ=ጂኤንዩ99"»
«ሜክ -ጄ1 ቪ=1»

«ጂኤንዩ99» ያው ሲ99 ነው፤ ጂሊብሲ በነባሪ የሚሰጣቸውን የፖዚክስ ፈንክሽኖች ግን አይሸሽግም። በአውቶሜክ በተሠራ ሜክፋይል ውስጥ አንተ የሰጠኸው «ሲፍላግስ» ከፕሮግራሙ ኦፕሽኖች በኋላ ነው የሚሰለፈው፤ ሁለት «-ኤስቲዲ=» ካሉ ደግሞ ጂሲሲ የመጨረሻውን ይወስዳል። ለማረጋገጥ የ«ቪ=1»ን መስመር እይ።

«ሜክ ክሊን»ን እንዳትዘላት። ሜክ የሚያየው የፋይሉን ሰዓት ብቻ ነው፤ ኦፕሽን ስለተቀየረ ብሎ የቆየውን «.ኦ» (ኮምፓይል የሆነ) ፋይል እንደገና አይሠራውም። ካላጸዳህ ግማሹ ፋይል በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ኦፕሽን ተሠርቶ አብሮ ይያያዛል።

ሦስተኛው፦ ሄደሩ ውስጥ «ኢንት ተርም_ዊድዝ;» የሚል መስመር አለ። ያ ሄደር በገባበት የ«.ሲ» ፋይል ሁሉ ቫሪያብሉ አንድ አንድ ጊዜ ይፈጠራል። እስከ ጂሲሲ 9 ድረስ ሊንከሩ እነዚህን ያዋህዳቸው ነበር፤ ከጂሲሲ 10 (2020) ጀምሮ ነባሪው «-ኤፍኖ-ኮመን» ሆነና መዋሃዱ ቀረ። ሄደሩ ውስጥ «ኤክስተርን ኢንት ተርም_ዊድዝ;» አድርገው፣ «ሜይን.ሲ» ውስጥ ብቻ «ኢንት ተርም_ዊድዝ;» ብለህ ጻፍ። በቃ። ሌሎች ቫሪያብሎችም በዚያው ሄደር ውስጥ እንዳሉ ገምት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስተካክላቸው።

አራተኛው፦ ዴቢያን ኤንከርስስን ለሁለት ከፍሎታል። «ኪፓድ»ና መሰሎቹ ያሉት «ሊብቲንፎ» ውስጥ ነው። የድሮው ሜክፋይል «-ኤልኤንከርስስ»ን ብቻ ስለሚጠራ ሊንከሩ «ፈንክሽኑ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ አንተ ግን ያንን ላይብረሪ አልጠራኸውም» እያለህ ነው። ምን ምን መጠራት እንዳለበት ፒኬጂ-ኮንፊግ ይነግርሃል፦ «ፒኬጂ-ኮንፊግ --ሊብስ ኤንከርስስ» ስትለው «-ኤልኤንከርስስ -ኤልቲንፎ» ይላል። ይህንን ለኮንፊገር በ«ሊብስ=» ስጠው፤ በ«ኤልዲፍላግስ=» አይሁን። «ኤልዲፍላግስ» ከ«.ኦ» ፋይሎቹ በፊት ነው የሚገባው። ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ፣ ገና ማንም ያልጠየቀውን ላይብረሪ ሊጥለው ይችላል፤ በተለይ ኡቡንቱ ላይ «--አዝ-ኒድድ» በነባሪ ስለሚሠራ በትክክል ይጥለዋል። ብዙ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የሚመጣው ከዚህ ነው፤ «-ኤልኤም» እያለም «ስኩርት» አልተገኘም የሚባለው ጭምር።

ማህደር_ጠባቂ

ሽቦ_ፈቺ ያለው ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

«-ኤፍኮመን» እና «-ኤፍፐርሚሲቭ» በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም። የመጀመሪያው እስከ 2020 ድረስ ነባሪ የነበረውን አሠራር ነው የሚመልሰው። ኮዱ የተጻፈው በዚያ ታስቦ ስለሆነ ፕሮግራሙን ለመጠቀም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጉዳት የለውም፤ ቫሪያብሎቹ ሃምሳ ከሆኑ እኔም በሱ አልፈዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ማንም አይጠቀም።

ሌላው፣ የቆየ ሶርስ ኮድ በእጅ ከማረም በፊት ፕሮግራሙ ዴቢያን ውስጥ መኖሩን እዩ። ካለ የዴቢያን ሰዎች ይህንኑ ኤረር ቀድመው አስተካክለውታል ማለት ነው። «አፕት ሶርስ» ከፓኬጁ ስም ጋር ስትሉት ኮዱን ያወርዳል፤ ማስተካከያዎቹ «ዴቢያን/ፓችስ» ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ ስማቸውም ብዙ ጊዜ «ጂሲሲ-14» ወይም «ኖ-ኮመን» የመሰለ ነገር ነው። «አፕት ሶርስ» እንዲሠራ የሶርስ መስመር መከፈት አለበት፦ በአዲሱ አጻጻፍ «ታይፕስ፦ ዴብ» የሚለውን «ታይፕስ፦ ዴብ ዴብ-ኤስአርሲ» አድርጋችሁ «አፕት አፕዴት» በሉ። ከዚያ «አፕት ቢልድ-ዴፕ» የሚያስፈልጉትን የ«-ዴቭ» ፓኬጆች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጭናል፤ አንድ በአንድ ማደኑ ይቀራል።

ጂሲሲ 15 ለምትጠቀሙ (ፌዶራ 42 ላይ እሱ ነው ያለው)፦ ነባሪው ስታንዳርድ ወደ ጂኤንዩ23 ተቀይሯል። ባዶ ቅንፍ ያለው የፈንክሽን ዲክላሬሽን አሁን «ምንም አይቀበልም» ማለት ስለሆነ «ቱ ሜኒ አርጊዩመንትስ» ይመጣል። «ቡል»ም ቁልፍ ቃል ስለሆነ በራሳቸው ታይፕዴፍ ያደረጉ የቆዩ ፕሮግራሞች ይወድቃሉ። ለነዚህ «-ኤስቲዲ=ጂኤንዩ17» ይበቃል።

ብራና_አንባቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄደሩ በኤክስተርን ተስተካከለ፣ «ጂኤንዩ99» እና «ሊብስ=» ተሰጡ፤ አሁን ያለ ኤረር ያልቃል፣ ይከፈታልም። የእንግሊዝኛ ፋይል በደንብ ያሳያል። የአማርኛ ፋይል ግን ፊደሉ በሙሉ ምልክት ብቻ ነው። በዚያው ተርሚናል «ካት» ሲባል አማርኛው በትክክል ይነበባል።

ፊደል_ገበታ

«ካት» ካሳየ ፎንቱና ተርሚናሉ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ሊንክ የተደረገው ላይብረሪ ነው። «ኤልዲዲ ./የፕሮግራሙ-ስም | ግሬፕ ከርስስ» በልና እይ። «ሊብኤንከርስስ.ኤስኦ.6» ካለ ያ ባለ አንድ ባይት ቅጂ ነው። ለኛ የሚሆነው መጨረሻው ላይ ደብልዩ ያለበት «ሊብኤንከርስስደብልዩ.ኤስኦ.6» ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ 9 ባይት ይይዛል። ባለ አንድ ባይቱ ቅጂ ዘጠኙን ባይት ዘጠኝ ፊደል አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

«ሊብኤንከርስስ-ዴቭ» ሁለቱንም ቅጂ ስለሚይዝ የሚጫን ነገር የለም። ግን ተጠንቀቅ፦ «ሊብስ=» ላይ የደብልዩውን ስም ብትሰጥም ኮንፊገሩ በራሱ ፍተሻ «-ኤልኤንከርስስ»ን ከፊቱ ሊጨምርበት ይችላል። ሁለቱ አብረው ከተጠሩ የፊተኛው ይቀድማልና ለውጥ አታይም። ስለዚህ ከኮንፊገር በኋላ ሜክፋይሉን ክፈትና «ሊብስ =» የሚለውን መስመር «-ኤልኤንከርስስደብልዩ -ኤልቲንፎ» ብቻ አድርገው፤ «ሜክ ክሊን»፣ «ሜክ»፣ ከዚያ እንደገና «ኤልዲዲ»።

ቀጥሎ «ግሬፕ -ኤን ሴትሎካል *.ሲ» በል። ካልተገኘ «ሜይን.ሲ» ውስጥ «ሎካል.ኤች»ን ኢንክሉድ አድርግና «ኢኒትስክር()» ከመጠራቱ በፊት «ሴትሎካል(ኤልሲ_ኦል, "");» ጨምር። ይህ ከሌለ ፕሮግራሙ «ሲ» ሎካል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ላይ ይቀራል፣ ደብልዩውም ምንም አይጠቅምህም። የተርሚናሉን ሁኔታ «ሎካል» በሚለው ኮማንድ እይ። የኤረር መልእክት በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ብሎ «ኤልሲ_ኦል=ሲ» ኤክስፖርት ያደረገ ካለ፣ በዚያ መስኮት ውስጥ የሚከፈት ፕሮግራም አማርኛ አያሳይም። «አንሴት ኤልሲ_ኦል» ብሎ «ላንግ=ሲ.ዩቲኤፍ-8» ማድረግ ይበቃል፤ «ኤልሲ_ኦል» ካለ «ላንግ»ን ይሽረዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ መስመሩ ያለቦታው ከተቆረጠና መስመር መጨረሻ ላይ ግማሽ ፊደል ካየህ፣ ኮዱ የመስመሩን ርዝመት በ«ስትርሌን» እየለካ ነው። «ስትርሌን» ባይት ነው የሚቆጥረው፤ ለ«ሰላም» 9 ይላል። ቦታውን ፈልገህ በ«ኤምቢኤስቱደብልዩሲኤስ» ወደ ሰፊ ፊደል ቀይረህ ርዝመቱን በ«ደብልዩሲኤስዊድዝ» ለካው። ይህኛው እውነተኛ የኮድ ሥራ ነው፤ በኦፕሽን አይገኝም። ብታስተካክለው ለሌላውም አማርኛ አንባቢ ይጠቅማልና ብትለጥፈው ደስ ይለናል።

ግራፊክስ የሌለበት የጽሑፍ ኮንሶል ላይ (ኮንትሮል-ኦልት-ኤፍ3) ለማንበብ ከፈለግክ ደግሞ የ«ኮንሶል-ሴትአፕ» ፓኬጅ «ጎሃ» የሚባል የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አለው፤ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሴትአፕ» ብለህ ትመርጠዋለህ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ጥሩ ነው።

ኮረብታ_07

እዚሁ ልጠይቅ፦ በሲ++ የተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም «ሜክ -ጄ8» ላይ «ፌታል ኤረር፦ ኪልድ ሲግናል ተርሚኔትድ ፕሮግራም ሲሲ1ፕላስ» ይላል። የሚጠቅሰው ፋይል በየጊዜው ይለያያል። ራም 4 ጊጋ።

ሽቦ_ፈቺ

የኮድ ስህተት አይደለም፣ ራም አልቆ ከርነሉ ኮምፓይለሩን ገድሎታል። ፋይሉ መለዋወጡም ይህንኑ ያሳያል። «ሱዶ ዲሜሲጂ | ግሬፕ -አይ "አውት ኦፍ ሜሞሪ"» ስትል ታየዋለህ። ቴምፕሌት የበዛበት የሲ++ ፋይል ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ባለ 4 ጊጋ ማሽን ላይ «-ጄ2»፣ ካልሆነ «-ጄ1»። ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ከሌለህ፣ ዲስክህ ኢኤክስቲ4 ከሆነ፦

«ሱዶ ፎልኬት -ኤል 4ጂ /ስዋፕፋይል»
«ሱዶ ሲኤችሞድ 600 /ስዋፕፋይል»
«ሱዶ ኤምኬስዋፕ /ስዋፕፋይል»
«ሱዶ ስዋፕኦን /ስዋፕፋይል»

እዚህ ላይ «ሜክ ክሊን» አትበል፤ ያለቁት «.ኦ» ፋይሎች ደህና ናቸውና ሜክ ከቆመበት ይቀጥላል። ሲስተሙ ጭራሽ ተንጠልጥሎ በኃይል ከጠፋ ብቻ አጽዳ፣ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ብራና_አንባቢ

ደብልዩውና ሴትሎካሉ ሆኑ፤ አማርኛው ይነበባል። መስመሩ በትክክል በ«ስትርሌን» ነው የሚቆረጠው፣ «ቪው.ሲ» ውስጥ ሁለት ቦታ አለ። እሱን እሠራለሁ። እስከዚያ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» ማለት ይቻላል?

ማህደር_ጠባቂ

ገና እየቀያየርከው ስለሆነ ሲስተሙ ውስጥ አትክተተው። አፕት የማያውቀው ፋይል «/ዩኤስአር/ሎካል» ውስጥ ይበታተናል፣ ሜክፋይሉ «አንኢንስቶል» ከሌለው ለመልቀም ያስቸግራል። «./ኮንፊገር --ፕሪፊክስ=$ሆም/.ሎካል» ብለህ ሌሎቹን ኦፕሽኖች እንደነበሩ ስጠው፤ ያኔ ያለ ሱዶ «ሜክ ኢንስቶል» ይሠራል። ኮንፊገር ሜክፋይሉን እንደ አዲስ ስለሚጽፈው የ«ሊብስ =» መስመርህን እንደገና አስተካክል። «$ሆም/.ሎካል/ቢን» ገና አሁን ከተፈጠረ ወጥተህ ስትገባ ፓዝ ውስጥ ይካተታል።

ኮዱን ከመንካትህ በፊት ያልተነካውን ፎልደር በሌላ ስም ቅዳው። ስትጨርስ ሁለቱንም «ሜክ ዲስትክሊን» አድርገህ «ዲፍ -ዩአርኤን የድሮው አዲሱ > አማርኛ.ፓች» በል፤ ኤክስተርኑ፣ ሴትሎካሉና የ«ስትርሌን»ዋ ማስተካከያ በአንድ ፋይል ይወጣሉ። እሱን እዚህ ለጥፈው፤ እኔ ፌዶራ 42 ላይ በጂሲሲ 15 እሞክረዋለሁ።